አምቦ ዋንጫ የራቃት ትንሽ ስለሆነች አይደለም

«እኛ ትንሽ ከተማ ነን።»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰማናት! ስብሰባ ላይ፣ ጀበና ቡና ቤት፣ መናኸሪያ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ… የአምቦ ኳስ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ወሬው የሚዘጋው በእሷ ነው። ትንሽ ከተማ ነን፤ በጀት የለንም፤ ስፖንሰር የለንም፤ ዋንጫ የትልልቆቹ ነው፤ አለቀ። ከዚያ ሁሉም ብድግ ብሎ ዲኤስቲቪ ቤት ይገባና ለንደን ውስጥ ላለ ክለብ የደም ሥሩ እስኪገታተር ይጮኻል።

እኛ ይህቺን ሰበብ አንቀበልም። ማስረጃችን ደግሞ ከማይጠበቅ ቦታ የመጣ ነው፤ ከአሜሪካኖቹ «ፉትቦል»። አዎ፣ ያ ኳሱን በእጅ አቅፈው የሚሮጡበት፣ ሄልሜት ደፍተው እንደ ኮርማ የሚላተሙበት ጨዋታ። ውደዱት አንልም። የሻምፒዮናው ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውል የሚሉት፣ በእኛ ሰዓት የሚጀምረው ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8፡30 ገደማ ነው። እንቅልፉን አጥቶ ለሚያይ ሰው ደግሞ ከጨዋታው ማስታወቂያው ይበዛበታል። እኛን የገረመን ጨዋታው ሳይሆን የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው ማን እንደሆነ ነው።

ቀኑ ጥር 7 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ቦታው ሎስ አንጀለስ ነበር። (እኛ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ካነሳን 5 ዓመት ሊሞላ 6 ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው።) የዛሬውን ግርግር አትዩ። ያን ቀን ወደ 62 ሺህ ሰው ቢገባም ከስታዲየሙ ወንበር ሲሶው ባዶውን ውሏል። አሸናፊው ማን ሆነ? ኒው ዮርክ አይደለም፣ ቺካጎም አይደለም፣ ሎስ አንጀለስም አይደለም። ግሪን ቤይ ፓከርስ የሚባል ቡድን ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 35 ለ 10 አሸነፈ። በዓመቱም ደገመው።

ግሪን ቤይ ማን ናት? ዊስኮንሲን በሚባል ግዛት፣ ክረምቱ አጥንት በሚሰብርበት የሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960ው ቆጠራ የነዋሪዋ ብዛት 62,888 ነበር። አሁን የእኛን እንመልከት። በ1999ኙ ቆጠራ አምቦ ወደ 48 ሺህ ሕዝብ ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ስንት ሰፈር እንደተጨመረባት የሚያውቅ ያውቃል። እንግዲህ «ትንሽ ከተማ» ማለት ምን ማለት ነው? በትንሽነትማ እኩያሞች ነን!

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እሱን ነው ጠጋ ብለን ማየት ያለብን።

የግሪን ቤይ ቡድን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ከሁለቱ መሥራቾች አንዱ የከተማው ጋዜጣ የስፖርት አዘጋጅ ነበር (ጋዜጠኝነት ለተማርን ሰዎች ይሄ ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ዲግሪያችን ለአንድ ነገር ይጠቅማል ማለት ነው)። ማሊያ መግዣው 500 ዶላር የተገኘው ሥጋ ከሚያሽግ ፋብሪካ ነው። «ፓከርስ» የሚለው ስምም ከዚያ መጣ፤ አሻጊዎች እንደማለት። መጀመሪያ አጥር እንኳ አልነበራቸውም። ሰው ቆሞ ያያል፣ ባርኔጣ ይዞራል፣ ያለው ሳንቲም ይጥላል። ፋብሪካው ብዙም ሳይቆይ ከጨዋታው ወጣ። ቡድኑ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ዝናብ እየዘነበ ተመልካች ቀረበት፤ ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ቀረው።

እዚህ ጋ ነው የእኛና የእነሱ መንገድ የሚለያየው። ፋብሪካው ሲተዋቸው «ትንሽ ከተማ ነን» ብለው አልተበተኑም። እ.ኤ.አ. በ1923 አክሲዮን አወጡና አንዱን ድርሻ በ5 ዶላር ለከተማው ሰው ሸጡ። ዳቦ ጋጋሪው ገዛ፣ ሐኪሙ ገዛ፣ ባለሱቁ ገዛ። ከዚያ ወዲህም ቡድኑ በተቸገረ ወይም ስታዲየሙን ማደስ ባስፈለገ ጊዜ በ1935፣ በ1950፣ በ1997፣ በ2011 እና በ2021 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) እንደገና ሸጠዋል። ዛሬ የባለድርሻው ቁጥር ከ500 ሺህ በላይ ነው። አክሲዮኑ ትርፍ አይከፍልም። ሸጦ ማትረፍ አይቻልም። አንድ ቱጃር መጥቶ እንዳይጠቀልለው ገደብ አለው። ክለቡ ቢሸጥ እንኳ ገንዘቡ የሚሄደው ለበጎ አድራጎት ነው።

ትርፍ የሌለው መዋጮ፣ የማይሸጥ አባልነት፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዓመታዊ ስብሰባ… ወገን፣ ይሄ ነገር የሆነ ቦታ የምታውቁት አልመሰላችሁም? እድር እኮ ነው! አሜሪካኖቹ የኳስ እድር አቋቁመው ነው ዋንጫ የበሉት። እኛ ደግሞ እድሩን ከእነ ድንኳኑና ከእነ ብረት ድስቱ ይዘን፣ ደቦውን ይዘን፣ እቁቡን ይዘን፣ ለኳስ ሲሆን ግን የበጀት ደብዳቤ እንጠብቃለን።

አሁን ወደ ቤታችን። ፕሪሚየር ሊግ በሚል ስም መካሄድ ከጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ አንድም ዋንጫ ወደ ምዕራብ ሸዋ አልመጣም። ለዋንጫ ባይበቃም በትልቁ ሊግ ለዓመታት የተጫወተ ከዞናችን የተነሳ ስም ግን ነበረን፤ ሙገር ሲሚንቶ። ፋብሪካው ያለው እዚሁ ምዕራብ ሸዋ፣ አደዓ በርጋ ነው። ሙገር በ2007 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ ከዚያ በኋላም በዚያ ሠንጠረዥ ላይ አላየነውም። ያኔ ተማሪዎች ነበርን። ከአምቦ፣ ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከሆለታ አንድ ሰው «ቡድናችን ወረደ» ብሎ ሲያዝን አልሰማንም። ለምን ይዘን? ቡድኑ የፋብሪካው እንጂ የእኛ መሆኑን ማን ነግሮን ያውቃል? ለማሊያው 5 ብር አላዋጣን፤ ስብሰባው ላይ እጃችንን አላወጣን። የሌላ ሰው ሠርግ ነበር፤ ሲያልቅ ወደየቤታችን ገባን።

በፋብሪካ ክለብ እንዳልቀለድን ይታወቅልን። ድሬዳዋ ጥጥ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኖ ያውቃል፤ ፋብሪካ ጥሩ ቡድን መሥራት ይችላል። ጥያቄው ፋብሪካው ፊቱን ሲያዞር ቡድኑን ማን ያነሳዋል የሚለው ነው። ደደቢትን አስታውሱ። በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን፣ በ2011 ወራጅ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ወደ ሊጉ በገባበት ዓመት ዋንጫውን አነሳ፤ አገር ጉድ አለ። በ2014 ወረደ። እንደ ክረምት ጎርፍ ሞልተው መጥተው እንደ በጋ ወንዝ ይደርቃሉ። የ2016ቱ ሻምፒዮን ማን ነው? ንግድ ባንክ። የ2017ቱስ? ኢትዮጵያ መድን። ባንክና ኢንሹራንስ! ተጫዋቾቹ ደክመው ያገኙት ነው፣ አንወስድባቸውም። ግን የአንድ አገር ሻምፒዮና ተከታትሎ ከባንክ ወደ ኢንሹራንስ ሲሻገር «ደጋፊው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም።

የከተማ አስተዳደር ክለብስ? እሱም ያው ነው። ከንቲባው ኳስ የሚወድ ከሆነ ቡድኑ ይበላል፤ ከንቲባው ከተቀየረ ቡድኑ ደመወዝ ይጠብቃል። ያ ደመወዝ ደግሞ ከግብር ከፋዩ ኪስ ነው የሚወጣው። ግብር ከፋዩ ግን ባለቤት ተብሎ አንድ ቀን እንኳ ስብሰባ አይጠራም። ከፍለን ባዳ የሆንበት ቤት ቢኖር ይሄ ነው።

«ሕዝቡ ደሃ ነው፣ ከየት ያመጣል?» ይሉናል። እሺ፣ እንደምሳሌ እናስላው። አንድ ዲኤስቲቪ ቤት 80 ሰው ይያዝ፣ መግቢያው 20 ብር ይሁን። ለአንድ ጨዋታ 1,600 ብር። ቅዳሜና እሁድ አራት ጨዋታ ቢያሳይ 6,400 ብር። የእንግሊዝ ሊግ 38 ሳምንት ነው፤ 243,200 ብር። ከአንድ ቤት ብቻ! እንዲህ ያለ ቤት አሥር ቢሆንስ? 2 ሚሊዮን 432 ሺህ። ሻዩንና ለስላሳውን አልቆጠርንም፤ ውርርዱን ደግሞ ጭራሽ አናንሳው። ባለቤቶቹ ይሥሩ፣ እንጀራቸው ነው። እኛ ያልነው ገንዘቡ አለ ነው። በየሳምንቱ ከኪሳችን ወጥቶ የማያውቀን ክለብ ዘንድ ይሄዳል። (እኛ ሴቶቹማ ለመግባት እንኳ «የማን እህት ናት?» የሚል ዓይን አልፈን ነው አግዳሚው ላይ የምንቀመጠው። ከፍለንም እንግዳ ነን።)

ደግሞ ስማችን ሳይቀር ሀብት ነው። «አምቦ» የሚለው ቃል ጠርሙስ ላይ ተጽፎ አገር ያዳርሳል። ገጠር ገብታችሁ ሆዱን ያመመውን ሰው ብትጠይቁ «አምቦ ስጡኝ» ይላል። በጠርሙስ ሲሆን ታላቅ፣ በማሊያ ሲሆን ትንሽ ከተማ የምንሆንበትን ምክንያት የሚያስረዳን ካለ ይምጣ።

ሐቀኛ ለመሆን ያህል አንድ ነገር መደበቅ የለብንም። ግሪን ቤይ በእድሯ ብቻ አልቆመችም። የአሜሪካው ሊግ የቴሌቪዥን ገንዘቡን ለክለቦቹ ሁሉ እኩል ያካፍላል። ይህ የተጀመረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ነው፤ የኒው ዮርክ ሀብታሞች ጭምር ተስማምተውበታል። ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ የተጫዋቾች ደመወዝ ጣሪያ አለው። የባሰበት ቡድን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣውን ልጅ ቀድሞ ይመርጣል። ማለትም ሕጉ ራሱ ትንሹን ደግፎታል። የእኛ ሊግ ጨዋታዎችም ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ በሱፐር ስፖርት መታየት ጀምረዋል፤ ጥሩ ነው። ግን በዚያው ሰሞን ውድድሩ በጥቂት ከተሞች እየዞረ መካሄድ ጀመረ። አንዴ ጅማ፣ አንዴ ድሬዳዋ፣ አንዴ ሀዋሳ። ክለቡ በሰው ከተማ ይጫወታል፣ ደጋፊው በሩቅ ያያል። የመግቢያ ገቢ የሚባለው ነገር ያኔ ነው ሕይወቱ ያለፈው። የከተማው ሰው በሜዳው ያላየውን ቡድን እንዴት ብሎ የእኔ ይበል? የሊጉ ሰዎች ካሜራው የሚመቸውን ሜዳ ፈለጉ፤ ካሜራ እንደሚያስፈልግ ይገባናል። ዋጋውን የከፈለው ግን ደጋፊው መሆኑን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ይናገር።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሰው ያዋጣል፣ ኮሚቴ ይበላል» የሚለው ነው። ይሄ ስጋት እውነት አለው፤ ስንቱን መዋጮ አይተናል። ግን እናቶቻችን የእድር ገንዘብ ሲጎድል ምን እንደሚያደርጉ እናውቃለን። ገንዘብ ያዡን በወሩ ስብሰባ ፊት ለፊት አቁመው ደብተሩን ያስነብቡታል። የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሪፖርት እንዲህ ሲነበብ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሦስተኛው በሹክሹክታ የሚነገረው ነው። አምቦ ላይ ብዙ ወጣት አንድ ቦታ ሲሰበሰብ እንቅልፍ የሚያጣ ባለሥልጣን ይኖራል። ከተማችን ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ያየችውን እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዝርዝሩን አንገባበትም። ግን ልጅን ከሜዳ አርቆ ግድግዳ ሥር ማስቀመጥ ለማን ሰላም ሰጠ? መዝገብ ያለው፣ ሊቀመንበሩ የሚታወቅ፣ እሁድ እሁድ ሜዳ ላይ የሚገናኝ ማኅበር ከማያስፈሩ ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። የሚያስፈራው ሥራም ሜዳም የሌለው ከሰዓት በኋላ ነው።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ይኸውላችሁ። አንድ ድርሻ 200 ብር። አንድ ሰው ከ10 ድርሻ በላይ አይገዛም፤ ውጭ አገር ያለ የአምቦ ልጅም ቢሆን፣ ዶላሩን ቢያሳየንም። ድርሻው አይሸጥም፣ ትርፍ የለውም፣ አንድ ሰው አንድ ድምፅ። ጊንጪም ጉደርም ጌዶም መግባት ይችላሉ፤ በስሙ ላይ እንደራደራለን። የሴቶች ቡድን ከወንዶቹ ጋር በአንድ ቀን ይመሠረታል፤ «ቆይተን እናስብበታለን» የሚባል ነገር የለም። ከአስተዳደሩ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ለሕንፃ የማይሰጥ ሜዳና የምዝገባ ወረቀት። አሠልጣኝ እኛ እንቀጥራለን፣ ማሊያውን እኛ እናሰፋለን፣ ሒሳቡንም በየወሩ አደባባይ ላይ እንለጥፋለን።

ገንዘብ ያዧ ሴት ትሆናለች። ይሄኛው ለድርድር አይቀርብም።