ብቸኛ ቁጥሮችን ማስሸምደድ ይብቃ!

የማስተማር ልምምድ እየተቃረበ ነው። ስለዚህ እኛ ዕጩ መምህራን ከወዲሁ ልንነጋገርበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም የብቸኛ ቁጥር ትምህርት ነው።

ከ1 የሚበልጥ ሆኖ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ብቸኛ ይባላል። ትርጉሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን አብዛኞቻችን እንዴት ተማርነው? ከ2 እስከ 97 ያሉት 25 ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፤ እንገለብጣለን፤ በማግሥቱ በቃላችን እንወጣቸዋለን። «91 ለምን ቀረ?» ያለ ተማሪ «ዝርዝሩ ውስጥ የለማ!» ተብሎ ይቀመጣል። 91 ግን 7 ጊዜ 13 ነው። ይህን ለማሳየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ምክንያት ስናብራራ ከዋልን መጽሐፉን መቼ እንጨርሳለን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስቲ 97ን እንውሰድ። 10 ጊዜ 10 መቶ ነው። 97 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን፣ ሁለቱም 10 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆኑ አይችሉም፤ ብዜታቸው ያልፈዋልና። እንግዲህ 2፣ 3፣ 5 እና 7ን ሞክሮ ማቆም ነው። አለቀ!

በትልቅ ቁጥር ላይ ደግሞ ጥቅሙ ይበልጥ ይታያል። 31 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንቀንስ 2,147,483,647 እናገኛለን። ብቸኛ ነው አይደለም? ይህን ሸምድዶ የሚመልስ የለም። በ97 ላይ ባየነው ምክንያት ከ46,341 በታች ያሉትን መሞከር ይበቃል፤ እሱም ቢሆን አድካሚ ነው። የስዊዘርላንድ ተወላጁ ሌዮናርድ ኦይለር ግን ቀሪዎችን መረመረ። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ቢኖር፣ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ብቻ መሆን አለበት። በዚህ መንገድ ቢበዛ 372 ጊዜ ማካፈል በቂ ሆነ። ኦይለርም ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1772 ለቤርኑሊ በደብዳቤ አስታወቀ። ታዲያ ጊዜ የቆጠበው ምክንያቱ ነው ወይስ ሽምደዳው?

ሽምደዳ ያሳስታልም። 2፣ 3፣ 5 እና 7 ሁለቶችን እያባዛን 1 ብንቀንስ 3፣ 7፣ 31 እና 127 ይመጣሉ፤ ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ሸምዳጁ «ቀጣዩ 11ም እንዲሁ ነው» ብሎ ይደመድማል። ኧረ የለም! ውጤቱ 2,047 ነው፤ እሱም 23 ጊዜ 89 ነው።

ዛሬ ኮምፒዩተር አለ ይባል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2024 41,024,320 አኃዞች ያሉት ብቸኛ ቁጥር የተገኘው በእርግጥ በኮምፒዩተር ነው። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ አካፋዮችን ሁሉ አንድ በአንድ እየሞከረ አላረጋገጠውም፤ ሰው አስቦ ያወጣውን የማረጋገጫ ሕግ ነው የተከተለው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። እኛ ሠልጣኞች ለልምምድ ስንወጣ ዝርዝሩን ከመስጠታችን በፊት 91ን እና 97ን ከተማሪዎቻችን ጋር ሰሌዳ ላይ እንሥራ። መምህሮቻችንም ሲገመግሙን ስንት ገጽ እንደሸፈንን ብቻ ሳይሆን ስንት «ለምን» እንደመለስን ይመልከቱልን። እኛ በሽምደዳ ያለፍነውን መንገድ የነገ ተማሪዎቻችን እንዲደግሙት መፍቀድ የለብንም።