መቱ የወለደችው 74110

ለመቱ፣ ለጎሬ፣ ለያዮ፣ ለሁሩሙና ለመላው የኢሉባቦር ከተሞች ወገኖች፤ ባሕር ማዶ ከሚኖሩ የአገር ልጆች

አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የኢትዮጵያን ቡና ቆልተው በውድ የሚሸጡ ቤቶች ከረጢቱ ላይ የዝርያውን መለያ መጻፍ ይወዳሉ። አገላብጦ ላነበበ ሰው ሁለት ቁጥሮች ደጋግመው ይመጣሉ፦ 74110 እና 74112። ከረጢቱ አንዴ ይርጋጨፌ ይላል፣ አንዴ ጉጂ፣ አንዴ ሲዳማ። መቱ የሚል ማግኘት ብርቅ ነው። ቁጥሮቹ ግን የመቱ ልጆች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ላይ ትንሽ ጠቆር ያለች ነጥብ ትወጣለች፤ እየሰረጎደች ትሰፋለች፤ ጥቂት ቆይቶ ፍሬው ከል መስሎ ወይ ቅርንጫፉ ላይ ይደርቃል ወይ ይረግፋል። ዝናብና ብርድ ባለበት ከፍታ በሽታው ይብሳል። ጅማ መልኮ ያሉት ተመራማሪዎች ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠቁር እሱ ፍሬውን ይዞ የቆመ ዛፍ ፍለጋ ገቡ። በ1974 መቱ አጠገብ ከምትገኘው ከቢሻሪ የተመረጡት እናት ዛፎች ተመዘገቡ፤ 74 ዓመቱን ይነግራል፣ የቀረው ተራ ቁጥር ነው። በሽታው ሆን ተብሎ እንዲይዛቸው እየተደረገ ተፈትነው ያለፉት በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ለገበሬ ተሰራጩ። ዛሬ ከቢሻሪ መቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው ይለቀማሉ።

እዚህ ላይ 74 የፈረንጅ ዓመት መሆኑ ልብ ይባል። በእኛ 1966 መጨረሻና 1967 መጀመሪያ ማለት ነው፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጠቅስ የሚገለብጥ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ያዛንፋል። መረጃ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር እንጂ በእሳት ወይም በጎርፍ አይደለም።

ቢሻሪ ዛሬ የምትታወቀው አንድ ሰው ስለጻፋት ነው። ሳይጻፍ የሄደውስ? ጌሻ የሚባለው ቡና በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ተለቅሞ፣ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያ ፓናማ ገብቶ በ2004 የአገሪቱን የቡና ውድድር አሸንፎ ዓለምን አስደነቀ። እናት ዛፉን ግን ማንም በጣቱ ሊያሳይ አይችልም። በስሙ የሚሸጡት ቡናዎችም በዘረ መል ሲመረመሩ አንድ ዓይነት ሆነው አይገኙም።

በ1964 እና 1965 ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡድን ኢትዮጵያን ዞሮ ከ600 በላይ ናሙና ሰበሰበ። ዘሩ ለበርካታ አገሮች ተከፋፈለ፤ ዘገባው በ1968 ታተመ። ከአርባ ዓመት በኋላ የብራዚል ተመራማሪዎች ከዚያ ዘር በበቀሉ ዛፎች መካከል ካፌይን የለሽ ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። ዘሩ ከኢትዮጵያ የወጣ ነውና አዲስ አበባ ቅር መሰኘቷ አያስገርምም። ይሁንና ነገሩ በሁለት በኩል ሊታይ ይገባል፦ ስለ ባለቤትነቱ መከራከር እንኳ የተቻለው የ1964ቱ መዝገብ ስለነበረ ነው።

ቡና ከሌላው እህል የሚለይበት ነገርም አለ። ዘሩ እንደ ጤፍ ደርቆና ቀዝቅዞ ለአሥርት ዓመታት አይቀመጥም። ስለዚህ የቡና ዘር ባንክ የሚባለው እርሻ ነው፤ ጅማ ዞን ጮጬ ያለውም፣ ኮስታ ሪካ ቱሪያልባ ያለውም። ዛፉ ያረጃል፣ ምልክቱ ይወድቃል፣ ተተኪው በስህተት ሌላ ቦታ ይተከላል። ያኔ የሚያድነው መዝገቡ ብቻ ነው። የዘር ሀብት ባለሙያዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሰብስበው የፓስፖርት መረጃ የሚሉትን አንድ ወጥ ቅጽ ያወጡት ለዚሁ ነው፦ የናሙናው ቁጥር፣ የተሰበሰበበት ቀን፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ ሰብሳቢው፣ የሰጠው ተቋም። ሕንድ ያለ እርሻና ጮጬ ያለ እርሻ ስለ አንድ ዛፍ ሲነጋገሩ መግባባት የሚችሉት ሁለቱም ይህን ሲሞሉ ነው።

አሁን ደግሞ ዛፉን መውሰድ እንኳ ሳያስፈልግ በኮምፒዩተር የተቀመጠው የዘረ መል ንባብ ብቻውን ይሠራል። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አባል አገሮች በ2022 ሞንትሪያል ላይ ከዚህ ንባብ የሚገኘው ጥቅም የሚጋራበትን ሥርዓት ለማበጀት ተስማምተው ዝርዝሩን ለሥራ ቡድን ሰጡ፤ በ2024 ካሊ፣ ኮሎምቢያ ላይ የካሊ ፈንድ ተቋቋመ። ከገንዘቡ ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲውል ተወስኗል። ንባቡን የሚጠቀሙት ኩባንያዎች መዋጮ ግን አስገዳጅ አይደለም፤ ስለዚህ ብዙ መጠበቅ የዋህነት ይሆናል። ቢመጣስ? ባለቤቱ የቢሻሪ ማኅበረሰብ መሆኑ በወረቀት ካልታየ ከየት ይታወቃል? በእነዚህ ድርድሮች የአፍሪካን ቡድን ለዓመታት የመሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የታገሉለት የማኅበረሰብ መብት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) አገር ውስጥ ሰፍሯል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው በየቀበሌው ያለው ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩን መጻፍ የሚችለው በቅርብ ያለው ሰው ነው። መቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ቢሻሪ፣ በ2010 ዩኔስኮ ወደመዘገበው የያዮ የቡና ደን፣ ወደ አሌና ወደ በቾ ቢልክ፣ አባቶችና እናቶች ለየቡናው የሰጡትን የኦሮምኛ ስም፣ የሚያፈራበትን ወር፣ በሽታ የሚችል መሆን አለመሆኑን፣ ማን እንዳቆየው ይጽፉ ነበር። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይሁን። አንዱ ቅጂ መቱ ይቅር፣ ሌላው አዲስ አበባ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይግባ። የዛፉ ትክክለኛ መገኛና የማኅበረሰቡ እውቀት ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ወደ ክፍት ቋት አይሂድ።

ውጭ ያለው ወገንም የራሱ ድርሻ አለው። በየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የሚሠራው የድሮ የቡና ጉዞ ዘገባዎችን ፈልጎ የኢሉባቦርን ገጾች ቀድቶ ለመቱ ይላክ። በዘረ መል ሥራ ላይ ያለው የምርምር ውጤቱን ሲያትም የናሙናውን መነሻ በቀበሌ ደረጃ ይጥቀስ፤ በሥራ ቡድኖች ስብሰባ ላይ የሚቀመጠውም የቢሻሪን ስም በቃለ ጉባኤው ያስይዝ።