ካባውን ያየ ሸማኔውን ይጠይቅ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በትምህርት ቤት በዓል ላይ ተማሪዎች ተውኔት ሲያሳዩ፣ ንጉሥ የሆነው ልጅ ካባ ደርቦ ብቅ ሲል ጭብጨባው ይቀልጣል። ሸማኔ ሆኖ የወጣ ልጅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ነገሩ መምህር ለሆንንና ለምንሆን ሁሉ ሊያሳስበን ይገባል።

የቤተ መንግሥት ልብስ እንዲያው ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ሕግም ነበር። በቻይና ደማቁ ቢጫ የንጉሠ ነገሥቱ ቀለም ነበር። የዘውዱ አገዛዝ በ1904 ዓ.ም. እስኪያበቃ ድረስ የሹማምንቱ ማዕረግ ደረታቸው ላይ በተጠለፈው ወፍ ወይም አውሬ ይለይ ነበር። በእኛም አገር ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ፣ የሐር እጀ ጠባብ፣ ካባና ለምድ ማንም ብድግ ብሎ የሚለብሳቸው አልነበሩም። ንጉሥ ለሹሙና ለጀግናው ይሸልማቸው ነበር። የአንበሳ ጎፈርም የጀግንነት ምልክት ነበር። የእኛው የጎጃሙ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘውድ ተቀብለው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲባሉ፣ ያ ዘውድ ራሱ የሹመት ቃል ነበር።

ተራው ሰውም ቢሆን በሸማው ይናገራል። በትልቅ ሰው ፊት አደግድጎ ይቆማል፤ ሐዘን ሲደርስበት አዘቅዝቆ ይለብሳል። ይህን ከአያቶቻችን ጠይቀን ልንጽፈው ይገባል።

ታዲያ ያንን ጃኖ ማን ሠራው? ጥጡን ያባዘቱትና የፈተሉት እናቶቻችን ናቸው። የሸመነው ደግሞ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ፣ ድርና ማጉን ሲያገናኝ የሚውለው ሰው ነው። ንጉሡ በሥራው ደመቁ፤ እሱ ግን «ቁጢት በጣሽ» ተብሎ ተሰደበ፤ ከእሱ ጋር መጋባትም ነውር ሆኖ ኖረ።

ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ቀርቷል፤ ካባውንም ዛሬ ሙሽራው ሁሉ ይደርበዋል። ስድቡ ግን ከአንዳንዱ አፍ ገና አልጠፋም። በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ፣ አንድ ተማሪ የአባቱን ሥራ ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «ገበሬ ነው» አለኝ። ጓደኞቹ ተሳሳቁ፤ አባቱ ለካ ሸማኔ ኖሯል።

ወገኖቼ፣ ስለ ካባው ስናስተምር ከሸማኔው እንጀምር። ከተቻለም አንድ ቀን ክፍል ድረስ ጋብዘነው እሱ ራሱ ያስረዳ። ያ ልጅ ያን ጊዜ አንገቱን ቀና ያደርጋል።