ወደ ኢጣልያ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ፤ ከስንቅ አስቀድሞ ስለ ስም

ለዚህ ዐምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ፣ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ቤተ ሰብ ምን ይዞ መነሣት እንደሚገባው የሚጠይቁ ናቸው። ባለቤታቸው በሮማ ከተማ ሥራ ይዘው የቀደሟቸው አንዲት እናት፣ በርበሬውንና ሽሮውን አሰናድተው፣ ለልጆቹም የብርድ ልብስ ገዝተው ከጨረሱ በኋላ «የቀረን ነገር ይኖር ይሆን?» ሲሉ ጽፈውልናል። በርበሬውም ሽሮውም መልካም ነው። እኛ ግን አስቀድመን የምንጠይቃቸው የእያንዳንዳቸው ስምና የልደት ቀን በየወረቀቱ ላይ በስንት ዐይነት ተጽፎ እንደሚገኝ ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በኢጣልያ አገር የመንግሥት መዝገብ ሁሉ የሰውን ስም በሁለት ስፍራ ከፍሎ ይጽፋል፤ በአንደኛው ኮኞሜ የሚሉትን የቤተ ዘመድ ስም፣ በሁለተኛው ኖሜ የሚሉትን የሰውየውን የራሱን ስም። የአገሩ ሰው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ አንድ ስም ስላለው አይቸገርም። በእኛ ዘንድ ግን ሰው በራሱ ስም ላይ የአባቱን ያስከትላል፤ ልጁም በተራው የእርሱን ያስከትላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ32ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ድንጋጌው በመጽሐፍ ቀረ እንጂ ሕዝቡ አልለመደውም። ስለዚህ በፓስፖርቱ ላይ በቤተ ዘመድ ስም ስፍራ የሚገባው የአባት ወይም የአያት ስም ይሆናል፤ አባትና ልጅም በባዕድ ጸሓፊ ፊት ሲቆሙ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች መስለው ይታያሉ። ዝምድናቸውን የሚመሰክር የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። ሚስት በባልዋ ስም አለመጠራቷ ግን እዚያ አያስደንቅም፤ ኢጣልያዊቷም በመንግሥት መዝገብ የምትታወቀው በተወለደችበት ቤት ስም ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት በክርስትና ልማድ ሁለት ቃል ሆነው የሚጠሩት ስሞቻችን ናቸው። ገብረ ማርያም የተባለውን ሰው የማያውቅ ጸሓፊ ገብረን ለኖሜ፣ ማርያምን ለኮኞሜ ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ የአባቱ ስም ፈጽሞ ይጠፋል፤ ሰውየውም የማን አገልጋይ እንደ ሆነ የማይታወቅ ገብረ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው ስም በፓስፖርት ላይ ሲጻፍ ሁለቱ ቃላት በአንድነት ተጣምረው፣ በሌሎቹም ወረቀቶች ሁሉ ልክ እንደዚያው ሆነው እንዲጻፉ ማሳሰብ ያስፈልጋል። የፊደሉም ነገር እንዲሁ ነው። በላቲን ፊደል ገብረ ብሎ የጻፈ ሰው በመጀመሪያው ፊደል ጎን ኤች ካላገባ ኢጣልያኖች «ጄብሬ» ብለው ያነቡታል፤ ስለዚህም በቆዩ የኢጣልያ ጽሑፎች ኤች ገብቶበት ይገኛል። አነባበባቸውን ለማቅናት ሲባል ግን አጻጻፉን መለወጥ አይገባም። «ጄብሬ» ቢሉትም ይበሉት፤ ፓስፖርቱ እንደ ጻፈው ይጻፍ።

በሮማ የእኛ ሰው ስም ሲለወጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ በዚያች ከተማ ሲያሳትሙ፣ የከተማው ሊቃውንት የሚያውቋቸው ጴጥሮስ በሚል ስም ነበር። እርሳቸው መነኵሴ ስለ ነበሩ ሚስትና ልጆች ለማስመጣት ማመልከቻ አላቀረቡም፤ የስሙም መለወጥ በዚህ በኩል አልጎዳቸውም።

ባለ ትዳር የሆነው ግን እንዴት እንደሚጎዳ በቅርብ ከምናውቀው ቤት አይተናል። አባትየው በኢጣልያ ሦስት ዓመት ሠርተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ሚስታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ለማስመጣት ፈቃድ ጠየቁ። ሴት ልጃቸው የተወለደችው ኅዳር 12 ቀን 2005 ዓ.ም. በሚካኤል ዕለት ነው፤ ወንዱ ደግሞ ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ። አያታቸው ሁለቱንም በዳዊታቸው ገበታ ውስጠኛ ገጽ ላይ በንጹሕ እጅ ጽፈዋቸዋል። ቀኖቹ ወደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲለወጡ የወንዱ በትክክል ግንቦት ወር ላይ 2014 ሆነ፤ የሴቲቱን የለወጠው ሰው ግን ስምንት ዓመት ደምሮ 2013 ብሎ ጻፈ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ድረስ የሚደመረው ሰባት እንጂ ስምንት አይደለም፤ ትክክለኛው ኅዳር 21 ቀን 2012 በአውሮፓ አቈጣጠር ነበር። በወረቀቱ መሠረት እንግዲህ አንዲት እናት በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ልጆች ወልዳለች ማለት ነው። ጉዳዩን የሚመረምረው ሰው ይህን ባየ ጊዜ፣ ከልጆቹ አንዱ የእርስዋ አይደለም ብሎ ቢጠረጥር አንፈርድበትም። ወንዱ ልጅ ተፈቀደለት፤ ሴቲቱ ቀረች። እናቲቱም አንዱን ይዛ ሌላዋን ትታ መሄድ አልሆነላትም። የልደት ወረቀቱና ፓስፖርቱ ታርመው፣ እንደ ገና ተተርጕመውና ተረጋግጠው እስኪላኩ ድረስ አሥራ አራት ወር አለፈ። አባትየው በዚያ ዘመን ልጆቹ ሲያድጉ ያዩት በስልክ መስተዋት ነበር።

ስለዚህ ቀኑን የሚለውጥ ሰው በግምት አይለውጥ። ወሩንም በቍጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ፤ 12/3/2005 ተብሎ የተጻፈውን የኅዳር ሚካኤል፣ ፈረንጁ እንደ ማርች ወር ያነበዋል። በጳጕሜን የተወለደማ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ ቢጽፍ የሚቀበለው የለም።

የልደት ምዝገባ በአገራችን በአንድ ሥርዐት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነውና፣ ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው የቤተ ክርስቲያን የክርስትና ምስክር ወረቀት ታላቅ ረዳት ነው። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ስለሚጠመቁ፣ የልደት ቀኑ ቢጠፋ እንኳ ከጥምቀቱ ወደ ኋላ ቈጥሮ ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን በደብሩ መዝገብ ወለተ ጊዮርጊስ የተባለችው በሌላው ወረቀት ሁሉ በቤት ስሟ የምትታወቅ ከሆነች፣ ምስክር ወረቀቱ ስለ ሌላ ሴት የተጻፈ ይመስላል። ካህኑን የክርስትናውንም የዘወትሩንም ስም ጐን ለጐን እንዲጽፉልዎ ይለምኑ፤ ይህ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

የልደቱና የጋብቻው ወረቀት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ወደ ኢጣልያንኛ ተተርጕሞም በአዲስ አበባ ባለው የኢጣልያ ኤምባሲ ሕጋዊ ይደረጋል። ስሕተት ካለ የሚታረመው ከዚህ በፊት ነው። ሮማ ከደረሱ በኋላ የተገኘ ልዩነት በዚያ ካለው ኤምባሲያችን «ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ ያም ጽሑፍ በፕሬፌቱራ ተረጋግጦ የ16 ኤውሮ ማርካ ዳ ቦሎ ይለጠፍበታል። ቦሎ የሚለውን ቃል ከመኪና መስተዋት ላይ ስለምናውቀው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እዚያ የሚሸጠው በትንባሆ ሱቅ ነው።

ከገቡ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው። በቤቱ የሚያሳርፋችሁ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ያስታውቃል፤ እናንተም በስምንት የሥራ ቀናት ውስጥ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ የእኛ ሰዎች በአጭሩ ሶጆርኖ ለሚሉት፣ ታመለክታላችሁ። የሚሰጣችሁ ደረሰኝ ካርዱ እስኪመጣ ድረስ እንደ ፈቃድ ስለሚያገለግል እንደ ታቦት ይጠበቅ ብንል አልበዛም። ኮዲቼ ፊስካሌ የሚባለው ባለ ዐሥራ ስድስት ምልክት ቍጥር ደግሞ የሚሠራው ከስሙ ፊደላት፣ ከልደቱ ቀንና ከትውልድ አገር ነው፤ የኢትዮጵያ ምልክት ዜታ 315 ነው። ለሴት በቀኑ ላይ 40 ይደመራል፤ በ21 የተወለደችው ልጅ 61 ተብላ ብታገኙት ስሕተት አይደለም። ሌላው ግን ከፓስፖርቱ ጋር ካልተስማማ በዚያው ሳምንት አሳርሙት፤ የቤት ኪራይ ውሉም፣ ደመወዙም፣ የሐኪሙም ካርድ በዚህ ቍጥር ላይ ይቆማሉና። የኪራይ ውሉ መመዝገቡን ጠይቁ፤ ያልተመዘገበ ውል ለነዋሪነት ምዝገባ እንቅፋት ይሆናል። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ለማስገባት ግን ካርዱን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከስድስት እስከ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ መማር ግዴታው ነው።

ጕዞውን በፍልሰታ ጾም ላይ ባታደርጉት እንመክራለን። ኢጣልያኖች የእመቤታችንን በዓል የሚያከብሩት በነሐሴ 9 ቀን፣ በእነርሱ ኦገስት 15፣ ነው፤ በዚያ ሰሞን ሱቁ ይዘጋል፤ በየጽሕፈት ቤቱም ሰው ያንሳል። እናንተ እየጾማችሁ በተዘጋ በር ፊት ስትመላለሱ ስምንቱ ቀን ያልቃል። የልደት በዓላችን ሌሊት ግን ይመቻል፤ ጃንዋሪ 6 በአገሩ የሥራ ዕረፍት ነውና ለዋዜማው መድረስ አያስቸግርም። በማግስቱ ግን ትምህርት ቤት ስለሚከፈት፣ ሌሊቱን በቅዳሴ ያደረው ልጅ እንደሚቀር ለአስተማሪው አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ ይገባል።