የፈታ ይግጠም!

ከአንድ ሠልጣኝ

ባለፈው ሰሞን አልጋዬ ላይ ጨርቅ ዘርግቼ የተበላሸ የእጅ ስልክ ስፈታ ያየኝ አንድ ጓደኛዬ «አንተ ሰው፣ ለመሆኑ የምትማረው መምህር ልትሆን ነው ወይስ ቀጥቃጭ?» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ጓደኛዬ ክፉ ሰው አይደለም። ቃሉም የሱ አይደለም፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ነው። ስለዚህ መልሴን ለሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም በዚህ ጋዜጣ ላይ ላድርገው ብዬ ተነሣሁ።

እውነቱን ለመናገር ትርፍ ጊዜዬን የሚወስዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ስልክና ብስክሌት። ብስክሌቷ አሮጌ ባለማርሽ ናት። በገዛኋት ሳምንት የኋላ ማርሽ መቀየሪያውን ሙልጭ አድርጌ ፈታሁትና መግጠም አቃተኝ። ብሎኑን በፌስታል ቋጥሬ፣ ብስክሌቷን ተሸክሜ ወደ ጎሚስታ ሄድሁ። ጋሼ አዩኝና ፈገግ ብለው «መፍታቱንማ ማንም ይፈታዋል ልጄ፤ አንተ የፈታኸውን በተራ ደርድር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዕቃ ስፈታ ብሎኑን በወጣበት ተራ ጨርቅ ላይ እደረድራለሁ፤ እያንዳንዱን ደረጃ በስልኬ ፎቶ አነሣለሁ። እንዴ! ይህ የማስተማር ዘዴ አይደለም ወይ? ከቀላል ወደ ከባድ ሂድ፣ ቅደም ተከተል ጠብቅ፣ የሠራኸውን መዝግብ እየተባልን በክፍል የምንማረውን ጋሼ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

ብስክሌቷ ሌላም ትምህርት ሰጥታኛለች። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነ በብስክሌት የታወቀ ነው። የኛ ጎንደር ግን ዳገት ነው፤ ከአዘዞ ተነሥቶ ፒያሳ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ታዲያ ማርሽ ምን ይሠራል? የፊቱ ጥርስ 42፣ የኋላው 14 ሲሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ 3 ጊዜ ይዞራል። በባለ 26 ኢንች ጎማ ይህ ወደ 6 ሜትር ከ20 ገደማ ያስኬዳል፤ ለሜዳ ነው። የፊቱን ወደ 24፣ የኋላውን ወደ 28 ብንቀይረው ደግሞ ጎማው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም፤ የምንሄደው 1 ሜትር ከ80 ገደማ ብቻ ነው። ርቀቱ አነሰ፣ ጉልበቱ ግን ቀለለ። ስለ ቀላል መሣሪያዎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጻፍሁ፤ የገባኝ ግን ዳገት ላይ ነው። አንድ ብስክሌት ገልብጦ ክፍል ውስጥ ያቆመ መምህር ተማሪዎቹን ጥርስ ያስቆጥራል፣ ያካፍላል፣ ይለካል። ሒሳቡም ሳይንሱም እዚያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ነገ የምንመደበው የት ነው? ብዙዎቻችን ዳባት፣ ደባርቅ፣ ጃናሞራ፣ በየዳ ነው፤ ከዚያም ከመኪና መንገድ ወርዶ በእግር ነው። ለተግባር ልምምድ በሄድሁበት የደጋ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ስልካቸው ቻርጅ አልቀበል ብሎ ሁለት ሳምንት ዘግተው አስቀምጠውት ነበር። ጎንደር የሚወርድ ሰው እየጠበቁ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ቅጂ ያለው በዚያ ስልክ ውስጥ ነው፤ የወር ደመወዛቸው መልእክት የሚመጣውም በሱ ነው። ስልኩን አጥፌ የቻርጀሩን ቀዳዳ በባትሪ መብራት ባየው የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆበታል። በቀጭን የእንጨት ስንጥር ቀስ እያልሁ አወጣሁት። ሠራ! ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እኒያ መምህር ግን ሁለት ሳምንት ከስረዋል። ያጡት ስንጥር አይደለም፤ «ልንካው» የሚል ድፍረት ነው።

ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ ብሎ የሚተማመን ካለም ያለፈውን ያስታውስ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ስልክ ለብዙዎች መደወያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ነገር ግን ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም የዊኪፔዲያን ገጾች አስቀድሞ ሚሞሪ ላይ መጫንና ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል፤ ማስታወሻና የትምህርት ዕቅድም በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ስልኩን የነካካ ሰው ነው።

በፊደላችን መጻፋችንስ ከየት መጣ? ለላቲን ፊደል የተሠራውን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ እንዲሆን ያደረጉት ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። «የፈረንጅ ዕቃ አይነካም» ብለው ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር መለያ ውስጥ የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በማንኛውም ስልክ ላይ አማርኛ የምናነበው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ንቀቱ ለምን አልለቀቀንም? ከከተማችን ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ምስክር ናት። እዚያ የነበሩ ቤተ እስራኤሎች ማረሻና ማጭድ ቀጠቀጡልን፣ ሴቶቹ ጀበናና እንስራ ሠሩልን፤ እኛ ግን «ቡዳ» አልናቸው። በማረሻቸው አርሰን በላን፣ በእንስራቸው ቀድተን ጠጣን፣ ስማቸውን ግን አጠፋን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በመኝታ ክፍላችን ግን «ቀጥቃጭ» አሁንም ስድብ ነው። ይህን ቃል የያዘ ሰው መምህር ሆኖ ወደ ገጠር ሲሄድ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ በምን ዓይን ያያታል? እኔን የሚያሰጋኝ ከስልኩም ከብስክሌቱም በላይ ይኸው ነው።

አንዳንድ መምህሮቻችን «ስልክ ጥናት ያስፈታል» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጦ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንጎላጅ ሞልቷል፤ እኔም አንዳንዴ ከነሱ አንዱ ነኝ። ግን ስልክን የሚያይና ስልክን የሚጠግን አንድ አይደሉም። «አደጋ አለው» ለሚሉም፣ አዎን አለው። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይታጠፍም፣ ቻርጅ አይደረግም፤ ሊቲየም ስለሆነ በእሳት ሊነድ ይችላል። የፍሬን ሽቦው የተላላ ብስክሌት ይዞ ሊማሊሞን መውረድም ሞትን መጥራት ነው። የሰው ስልክ ከፍቶ ፎቶና መልእክት መበርበር ደግሞ ነውር ነው። እንዲህ ያለውን በሥርዓት ከመማር ይልቅ ተደብቆ አልጋ ላይ መሞከር ነው የሚያስፈራው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍልና አንድ ጠረጴዛ ይፈቀድልን። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኪያቤ፣ ማስቲሽና የካላማዳሪ መለጠፊያ በመዋጮ እንገዛለን። የተበላሸ ስልክ ያለው ይስጠን፤ ብስክሌቷን እኔ አመጣለሁ። የፊዚክስ መምህሮቻችን ቢቆጣጠሩን፣ ጋሼን የመሰለ ባለሙያም በወር አንድ ቀን ተጋብዞ እንደ መምህር ቢቀመጥልን፣ እኛም ብድግ ብለን ብንቀበለው ደስ ይለኛል። ሴት ሠልጣኞችም ከዳር ቆመው የሚያዩ ሳይሆኑ ካቻቢቴውን የሚይዙ ይሁኑ። እያንዳንዱ ጥገና በደብተር ይመዝገብ፤ ያልተሳካውም ጭምር።

ጓደኛዬ ሆይ፣ ለጥያቄህ መልሴ እነሆ፤ መምህር ልሆን ነው። ቀጥቃጭ ብትለኝም አልቀየምም። ያ ስልክ ግን ተሠርቷል፤ ያንተንም የተሰነጠቀ ስክሪን ቅዳሜ ይዘኸው ና። እኔ አልቀይርልህም፤ አብረን እንቀይረዋለን።

የፈታ ይግጠም! መግጠም ያቃተውም ሳያፍር ይጠይቅ!