የኩሽኔታ ቶሎ ማለቅና ምክንያቱ

ሕመምተኛ በመጣ ቍጥር የሕመሙን ሥር ሳይመረምር አንዱን መድኃኒት ደጋግሞ የሚሰጥ ሐኪም ገንዘብ ያገኝ ይሆናል እንጂ ሕመምተኛውን አያድነውም። በብዙ ጋራዥ በመኪና ኩሽኔታ ላይ የሚፈጸመው ሥራም ከዚህ የራቀ አይደለም። ኩሽኔታው ይጮኻል፥ ይፈታል፥ አዲስ ይገባለታል፤ ጥቂት ወራት ሳይቈይ ግን ያው ድምፅ ይመለሳል። ባለመኪናው ሻጩን ይወቅሳል፤ ሻጩ መካኒኩን፥ መካኒኩም መንገዱን ይወቅሳል። ያለቀው ኩሽኔታ ግን ምስክርነቱ ሳይሰማ ከጥራጊ ጋራ ይጣላል።

ኩሽኔታ የሚለው ስም ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ስሙ ሥራውን ይገልጻል፤ የሚዞረው መንኰራኵርና የማይዞረው የመኪናው አካል ሳይፋተጉ የሚገናኙት በርሱ ላይ ተንተርሰው ነውና። በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የተሰለፉት ኳሶች ወይም ሾጣጣ ብረቶች የመኪናውን፥ የተሳፋሪውንና የዕቃውን ክብደት ተሸክመው ይዞራሉ። ይህ ዕቃ በደንብ ከተገጠመና ንጹሕ ግራሶ ካልተለየው ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ማገልገሉ የተለመደ ነው። በጥቂት ወራት የሚያልቅ እንደ ሆነ ግን ሌላ ከመግዛት አስቀድሞ የጨረሰውን ነገር መፈለግ ይገባል።

ምርመራው ከአንድ ጥያቄ ይጀምራል፤ ይኸውም ደጋግሞ የሚያልቀው የአንዱ እግር ኩሽኔታ ነው ወይስ የአራቱም? የሚል ነው። ሦስቱ ደኅና ሆነው አንዱ ብቻ የሚመላለስ እንደ ሆነ፥ ምክንያቱ በዚያው እግር ውስጥ ተሸሽጓል፤ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቤት ሰፍቷል፥ ወይም ቀድሞ በደረሰ ግጭት ተጣሟል፥ ወይም ፍሬኑ በደንብ ሳይለቅ እየታሸ ሙቀቱ ግራሶውን ያቀልጠዋል። አራቱም ተራ በተራ የሚያልቁ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ የጋራ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ጭነት፥ ውሃና ጭቃ፥ ሐሰተኛ ዕቃ፥ ወይም የገጣሚው ክፉ ልማድ ሊሆን ይችላል።

ድምፁም ራሱ አቅጣጫ ያመለክታል። የጎማ ድምፅ የመንገዱ ዓይነት ሲለወጥ ይለወጣል፤ የኩሽኔታ ጕርምርምታ ግን መንገዱ ቢለወጥም ሳይለወጥ ከፍጥነቱ ጋራ ይጨምራል። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል፥ በዚያን ጊዜ ድምፁ የሚበረታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የታመመው የቀኙ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚበረታ ከሆነም የግራው ነው። ከዚህ በኋላ መኪናው በክሪክ ተነሥቶና በደንብ ተደግፎ፥ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ቢነቃነቅ፥ በእጅም ቢዞር፥ ልልነቱና ሻካራነቱ ይታወቃል።

ዋናው ምስክር ግን ከመኪናው የወጣው ኩሽኔታ ነው። በነጭ ጋዝ ታጥቦ በብርሃን ቢታይ እንደ መጽሐፍ ይነበባል። ዝገት የታየበት እንደ ሆነ ውሃ ገብቶበታል። በኳሶቹ ልክ ተራርቀው የተቀመጡ ጥቃቅን ጕድጓዶች ያሉበት በመዶሻ ተመቶ ገብቷል፥ ወይም መኪናው ከጕድጓድ ወይም ከመንገድ ጠርዝ ጋራ በኃይል ተጋጭቷል። ወደ ሰማያዊ የዞረ ብረት ግራሶ አንሶት ወይም ከልክ በላይ ጠብቆ መቃጠሉን ይናገራል። በአንድ ወገን ብቻ የተላጠ እንደ ሆነ መቀመጫው መጣመሙ ይጠረጠራል። የውጭው ቀለበት ጀርባ ተፍቆ የሚያበራ ከሆነም፥ በሰፋው ቤቱ ውስጥ ሲሽከረከር መኖሩ ይታወቃል፤ እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ምንም ያህል ውድ ኩሽኔታ ቢገባ ዕድሜ አይኖረውም።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው በሰው እጅ የሚመጣው ጥፋት ነው። ኩሽኔታ በመዶሻ እየተመታ ሲገባ፥ የምቱ ኃይል ከአንዱ ቀለበት ተነሥቶ በኳሶቹ በኩል ወደ ሌላው ቀለበት ያልፋል፤ ስለዚህ አዲሱ ዕቃ መኪናው ከጋራዡ ሳይወጣ ቈስሏል ማለት ነው። የሚገባው ግን በመጫኛ ማሽን፥ አጥብቆ በሚገባው ቀለበት ላይ ብቻ ቀስ ብሎ መግፋት ነው። ዳዶውም ሠሪው ፋብሪካ በወሰነው ልክ፥ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ ይጠብቃል እንጂ በክንድ ግምት አይጠብቅም፤ መላላቱም ከልክ በላይ መጥበቁም እኩል ይጎዳል። አሮጌው ግራሶ ተጠርጎ ሳይወጣ በላዩ ሌላ ዓይነት መጨመር፥ ያረጀውንም የጎማ ቀለበት መልሶ መግጠም የዚሁ ልማድ ወንድሞች ናቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ በአንድ ሰዓት ያለቀው ሥራ በሦስተኛው ወር ሌላ ቀንና ሌላ ገንዘብ ይጠይቃል።

ባለንብረቱና ሾፌሩም ከጥፋቱ ነጻ አይደሉም። በታክሲና በአውቶቡስ ከወንበሩ ቍጥር በላይ የሚገባው ሰው ትርፍ ይባላል፤ ኩሽኔታው ግን ይህን ትርፍ እንደ ኪሳራ ይቈጥረዋል። ሉንድበርግና ፓልምግሬን የተባሉት የስዊድን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1947 በገለጹት ሥሌት መሠረት፥ ባለኳስ ኩሽኔታ የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ቢሆን ዕድሜው በእጥፍ ሳይሆን ወደ 1/8 ይወርዳል፤ ክብደቱ በሩብ ብቻ ቢጨምር እንኳ ዕድሜው ወደ ግማሽ ይጠጋል። ለመልክ ሲባል ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ መግጠምም ክብደቱን ከኩሽኔታው መካከል ስለሚያርቀው እንዲሁ ይጎዳል። ከረዥም መንገድ የደረሰውን መኪና ገና ሳይበርድ ወንዝ ውስጥ አቁሞ ማጠብም አደገኛ ነው፤ የጋለው ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ውሃውን በመከላከያው ጎማ በኩል ወደ ውስጥ ይስባልና።

ጥፋቱ የመንገዱ ነው የሚሉም አሉ። ነገራቸው በከፊል እውነት ነው፤ ጕድጓድ ኩሽኔታን ይሰብራል፥ ጕድጓዱን በጊዜ መድፈንም መንገድ እንዲጠብቁ የተሾሙት ሰዎች ግዴታ ነው። ነገር ግን ሁለት መኪናዎች በአንድ መንገድ እየተመላለሱ የአንዱ ኩሽኔታ ዓመታት ሲቈይ የሌላው በየወቅቱ የሚያልቅ ከሆነ፥ ልዩነቱ የመጣው ከመንገዱ አይደለም።

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ነገሩ የበለጠ ማስተዋልን ይፈልጋል። በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዘመን ማገልገል አለባቸው። በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም ቢሆኑ ከመንኰራኵር አልተላቀቁም፤ የባትሪያቸው ክብደት ኩሽኔታውን አብዝቶ ይጫነዋል።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በእርግጥ ከውጭ በምንዛሪ የተገዛው ዕቃ በከንቱ ማለቁ የአገር ኪሳራ ነው፤ በታዋቂ ፋብሪካ ስም ሐሰተኛ ኩሽኔታ የሚሸጥ ነጋዴም በዚህ ኪሳራ ላይ የሚነግድ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጩኸቱ ሳይሰማለት የቀረ ኩሽኔታ በመጨረሻ መንኰራኵሩን ሊያስይዝ ወይም በጉዞ ላይ ሊያስወልቅ መቻሉ ነው። በዚያን ጊዜ የሚጠፋው የተሳፋሪውና የእግረኛው ሕይወት በምንም ዋጋ አይተካም።

ስለዚህ ለየሰዉ የሚገባው ሥራ ግልጽ ነው። መካኒኩ ያወጣውን ኩሽኔታ ለባለመኪናው እያሳየ ያለቀበትን ምክንያት ይንገረው፤ ባለመኪናውም ይህን ሳይሰማ አዲስ አይግዛ። የጋራዥ ባለቤት ከመዶሻው ይልቅ መጫኛ ማሽንና የሚለካ ቁልፍ ይግዛ። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ኩሽኔታ መግጠም ብቻ ሳይሆን ያለቀውን ማንበብም ያስተምሩ። የመኪና የዓመት ምርመራ የሚያደርጉትም መብራቱንና ጡሩምባውን አይተው ከማሳለፍ አልፈው ጎማውን ያንሡ፥ ያዙሩ፥ ያዳምጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የኩሽኔታ በሽታ ግን አስቀድሞ ይጮኻል እንጂ አይደበቅም፥ የጎደለው የሚሰማው ጆሮ ነው።