ብጉርና የችኮላ ቅባት

በዘመነ ጉርምስና ገጽን የሚያበላሸውን ብጉር ሽማግሌው «ሲያገቡ ይጠፋል» ብሎ በፈገግታ ሲያልፈው፣ ባለሱቁ ደግሞ በሳምንት አጠፋዋለሁ ብሎ በጋዜጣ የጠቀለለውን ቅባት ሲያቀብል፣ በሁለቱ መካከል የሚጎዳው የልጁ ቆዳ ነው።

የእኅቴ ልጅ እንዲህ ያለውን ቅባት በቀባች በአሥረኛው ቀን ፊቷ ጠርቶና ለስልሶ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ሲያመሰግናት ሰነበተ፤ በሦስተኛው ወር ግን የጉንጯ ቆዳ ሳስቶ ቀጫጭን የደም ሥሮች ብቅ ብቅ አሉ፣ ብጉሩም ከቀድሞው ሰባት እጅ በርክቶ ተመለሰ። መነጽሬን አድርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ባነብ ቤታሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ሆኖ አገኘሁት፤ እርሱም ለችፌና ይህን ለመሰለ ሕማም በሐኪም ሲታዘዝ ደግ መድኃኒት ሲሆን፣ ለብጉር ግን ጠላት ነው።

እንደ እኔ አሳብ የብጉር ሕክምና እንደ ሕማሙ ማዕረግ ሊለያይ ይገባዋል። ጥቁርና ነጭ ራስ ያላቸው ጥቃቅን ፍሬዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ማታ ማታ በስሱ የሚቀባ 0.1 በመቶ አዳፓሊን፣ ወይም 2.5 አለዚያም 5 በመቶ የሆነ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይበቃል፤ ነገር ግን ጥቅሙ የሚታወቀው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ስለ ሆነ፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ያለ ማጉረምረም የሚፈጽመው ምእመናችን ለዚህ ቅባት 15 ቀን እንኳ አለመታገሡ ዘወትር ያስደንቀኛል። መግል ቋጥሮ ወደ ደረትና ወደ ጀርባ የወረደ እንደ ሆነ የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን ይጨመራል፤ እርሱም ብቻውን እንዳይሰጥ፣ ከ3 ወይም ከ4 ወርም እንዳያልፍ ያስፈልጋል፣ ተህዋስያኑ ይለምዱታልና።

ብጉሩ ከሥር ጠጥሮ እያበጠ ጠባሳ የሚተውበትን ሰው ግን «ታገሥ» ማለት ግፍ ነው። ለእርሱ በኪሎው ልክ ተመጥኖ፣ በቆዳ ሐኪም ክትትል ለወራት የሚወሰደው አይሶትሬቲኖይን አለለት፤ ፅንስን ክፉኛ ስለሚያጎድል ግን ነፍሰ ጡር ከቶ ልትወስደው አይገባም፣ ለማርገዝ የምትችል ሴትም አስተማማኝ መከላከያ ሳትይዝ አትጀምረውም። ስቴሮይድን እንደ ሳሙና ከመደርደሪያ አንሥቶ መሸጥ ግን በሕግ ኃይል እንዲቆም እሻለሁ።

የእኅቴ ልጅ በሐኪም ምክር ቅባቱን ካቆመች በኋላ ፊቷ ለብዙ ሳምንታት ስለ ነደደ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር ወደ ሥራ የምትሄደው። አሁን የምትቀባው የታዘዘላትን ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው፤ መድኃኒቱ ቀለም ይበላልና የነጠላዋ ጥለት በጉንጯ በኩል ነጥቷል።